የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሞተርሆም ይዞ ዋሻ ጉብኝት

በዚህ ወር ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልን ስለ አንድ ነገር ነው። መኝታና ማድቤት ያለው መኪና፣ ማለትም ሞተርሆም ይዞ እየተጓዙ፣ መብራትና መንገድ ተሠርቶላቸው ለጎብኚ የተከፈቱ ዋሻዎችን ስለማየት። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞተርሆም ተከራይተን ልንወጣ ነው። መንገዳችን ላይ ሦስት ዋሻዎች አሉ። ባለቤቴ በሁለት ቀን ሦስቱንም እናያለን ይላል፣ እኔ ግን አይመስለኝም። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ነሽ። ካርታ ላይ ሲታይ ሁሉም ቅርብ ነው። ሞተርሆም ግን እንደ ትንሽ መኪና አይሄድም። ዳገት ላይ ይዘገያል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ግድ ነው። ዋሻ የሚበዛው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ባለበት ኮረብታማ አገር ስለሆነ፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎሜትሮች ብዙ ጊዜ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው።

ሰዓቱንም የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም። አብዛኞቹ ዋሻዎች ሰው የሚያስገቡት በቡድን፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ከአስጎብኚ ጋር ነው። ስሎቬኒያ ያለው የፖስቶይና ዋሻ ጉብኝቱ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ መኪና ማቆሚያ ፍለጋውን፣ ወረፋውን፣ ልጆቹን ሽንት ቤት ማስገባቱን፣ ልብስ መደራረቡን ስትጨምሪበት ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ወዳለው ካርልስባድ ዋሻ ደግሞ የመግቢያ ሰዓት አስቀድማችሁ ቡክ ሳታደርጉ መሄድ የለባችሁም።

የሰዓት ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ኬንታኪ ወዳለው ማሞዝ ዋሻ የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ከ680 ኪሎሜትር በላይ የተለካ፣ እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ ዋሻ ነው፣ በሥራ የበዛበት ወቅት ትኬቱ ቶሎ ያልቃል። ፓርኩ የሚሠራው በአሜሪካ የማዕከላዊ ሰዓት ነው፤ እዚያው ግዛት ውስጥ ያለችው ሉዊቪል ግን አንድ ሰዓት ትቀድመዋለች። ከሉዊቪል ሲመጡ ችግር የለውም፣ ቢበዛ ቀድመው ደርሰው ይጠብቃሉ። ዋሻውን አይተው ወደዚያ ሲነዱ ግን አንዲቱ ሰዓት ትበላለች፣ ማታ ላይ ካምፑ ከመዘጋቱ በፊት እንደርሳለን ያለ ሰው በር ተዘግቶ ያገኘዋል። የመኪናው ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ስልክ በራሱ አይስተካከልም።

የእኔ ምክር፦ በቀን አንድ ዋሻ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ጉብኝት ያዙ፣ ከሰዓቱን ለመንገድ ተዉት። ሦስተኛውን ሰርዙት። በሩጫ ከታዩ ሦስት ዋሻዎች ውስጥ ትዝ የሚለው አንዱም አይኖርም።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ ካለ ስለ መንገዱ መጨነቅ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎ። ተራው ጂፒኤስ የሚያውቅህ ትንሽ መኪና እንደምትነዳ አድርጎ ነው። አቋራጭ አገኘሁ ብሎ በዝቅተኛ ድልድይ ሥር ሊወስድህ ይችላል። የመኪናህን ቁመት፣ ጣራው ላይ ያለውን ኤሲና አንቴና ጨምረህ ለካና በወረቀት ጽፈህ መሪው ጋ ለጥፈው። ተከራይተህ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁመት ኤሲውን ይጨምር እንደሆነ አከራዩን ጠይቅ። ከዚያ ዋሻው ጋ ደውልና እንዲህ በል፦ ይሄን ያህል ርዝመትና ቁመት ያለው መኪና እስከ ማቆሚያው ይደርሳል ወይ? ማዞሪያስ አለው? አንዳንድ ቦታ ትልቅ መኪና ታች ይቆምና ሰው ወደ ላይ በአውቶቡስ ይወጣል። ይሄን ዳገቱ መሃል ላይ ሆኖ መስማት ያናድዳል።

ጥያቄ፦ እኛ ዋሻ ውስጥ ስንሆን መኪናው ውስጥ ምን ክፍት ይቆይ፣ ምን ይዘጋ? ውሻችንስ?

መልስ፦ ከውሻው ልጀምር። የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ እቶን ይሆናል፣ መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድነውም። ኤሲ ከፍተን እንተወዋለን የሚሉም አሉ፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ ግን እናንተ ከመሬት በታች ናችሁ፣ ስልካችሁም አይሠራም። አብዛኞቹ ዋሻዎች ከረዳት ውሻ በስተቀር አያስገቡም። ስለዚህ ወይ ውሻ የሚጠብቅ ቦታ ቀድማችሁ ፈልጉ፣ ወይ ተራ በተራ ግቡ።

ሌላው ቀላል ነው። የውሃ ፓምፑን አጥፉ። የምድጃውን ጋዝ ዝጉ። ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ካልቆመ በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ባትከፋፍቱት ግን ጠፍቶም ቢሆን ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ዕቃ ከውጭ በሚታይ ቦታ አትተዉ።

ጥያቄ፦ የቆሻሻ ውሃ ታንካችን ቶሎ ይሞላል። የዕቃ ማጠቢያና የሻወር ውሃ ብቻ ነው፣ የሽንት ቤት አይደለም። ከከተማ ወጣ ብለን ሜዳ ላይ ብናፈሰው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም። ሌላውን ሁሉ ብታልፈው ይሄን አንብብልኝ።

በብዙ ቦታ መሬት ላይ የፈሰሰ ውሃ በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ በመጠኑም ቢሆን ይጣራል። ዋሻ ያለበት አገር ግን መሬቱ እንደ ወንፊት ነው። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው፤ ዝናቡ ለብዙ ሺህ ዓመታት እያሟሟ ስንጥቁን አስፍቶታል፣ አንዳንድ ቦታ የሚፈስ ወንዝ ሳይቀር መሃል ላይ መሬት ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። አንተ ሜዳ ላይ የደፋኸው ሳሙናና ዘይትም እንደዚያው ሳይጣራ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ታች ያለው ደግሞ ነገ ትኬት ቆርጠህ የምትገባበት ዋሻ ነው፣ ወይም የአንድ መንደር የመጠጥ ውሃ።

እዚያው ኬንታኪ ውስጥ፣ ሆርስ ኬቭ የምትባል ትንሽ ከተማ መሃል ሂደን ሪቨር የሚባል ዋሻ አለ። ታች ወንዝ የሚፈስበት፣ ሰው ሊያየው የሚመጣበት ዋሻ ነበር። የከተማው ፍሳሽ ግን በስንጥቁ እየሰረገ ወንዙን በከለው። ሽታው እየባሰ ሄደና በ1943 ዋሻው ለጎብኚ ተዘጋ። እንደገና የተከፈተው በ1993 ነው፣ ፍሳሹ በአግባቡ እንዲጣራ ተደርጎ ወንዙ ካገገመ በኋላ። 50 ዓመት ሙሉ! ጨለማ ውስጥ የሚኖሩት ዓይን የሌላቸው ዓሣዎችም ከዚያ በኋላ ተመልሰዋል።

የእኔ አንድ ታንክ ምን ያመጣል ትል ይሆናል። የአንተ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን ታዋቂ ዋሻ አጠገብ በእረፍት ወቅት ስንት ሞተርሆም እንደሚቆም አስብ፣ ሁሉም አንተ ያሰብከውን ቢያስብስ? ስለዚህ ዋሻ ወዳለበት አካባቢ ከመግባትህ በፊት ታንኩን ለዚሁ በተሠራ ማራገፊያ ባዶ አድርገው። የማፍሰሻው ቧንቧ በደንብ መዘጋቱን ጎንበስ ብለህ እይ፣ ሲነዱ የሚንጠባጠብ ብዙ አለና። ሞተሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነም አሠራው። ዕቃ ስታጥብ ቅባቱን መጀመሪያ በወረቀት ጥረገው፣ ታንኩ ቶሎ እንዳይሸት ይረዳል።

ጥያቄ፦ ጉዟችን በሙቀት ወራት ነው። ዋሻው ይቀዘቅዛል ይላሉ፣ ምን ያህል? ደግሞ አንድ ቦታ ጫማችሁን አጽዱ ብለው ሲጽፉ አየሁ። ጭቃ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ቅዝቃዜው ከውጭው አየር ጋር ሲነጻጸር ነው የሚያስደነግጠው። ወፍራም ድንጋይ የበጋውንም የክረምቱንም አየር ስለማያሳልፍ፣ የዋሻ ውስጥ ሙቀት ብዙ ጊዜ የአካባቢው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ነው፣ ዓመቱን ሙሉም እምብዛም አይለወጥም። ፖስቶይና ወደ 10 ዲግሪ፣ ማሞዝ ወደ 12፣ ካርልስባድ ወደ 13 ዲግሪ ነው። ውጭ 35 ዲግሪ ሲሆን በቲሸርት የገባ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ላብም ቶሎ አይደርቅም። ጃኬት፣ ሙሉ ሱሪ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ዝግ ጫማ። ነጠላ ጫማ መኪና ውስጥ ይቅር። ኦስትሪያ ያለው አይስሪዘንቬልት ደግሞ የበረዶ ዋሻ ነው፣ የክረምቱ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ስለሚቀመጥ በበጋም ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ጓንትና ኮፍያ ያስፈልጋል።

የጫማው ነገር ከጭቃ ያለፈ ነው። በ2006 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የሌሊት ወፎች አፍንጫቸው ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶ ተገኙ። ብርድ የሚወድ ፈንገስ ነው። የሌሊት ወፎቹ ክረምቱን ሙሉ የሚተኙት ሰውነታቸው ውስጥ ባጠራቀሙት ስብ ነው፣ ፈንገሱ እየቀሰቀሰ ያንን ስብ ያስጨርሳቸውና በረሃብ ይሞታሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አልቀዋል። ሰውን አያሳምምም። ነገር ግን ዘሩ በጫማና በልብስ ላይ ተጣብቆ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሊጓዝ ይችላል። ሞተርሆም ይዞ በሳምንት ውስጥ የተለያዩ ዋሻዎችን የሚያይ ቤተሰብ ደግሞ ለዚህ ዓይነት ነገር ምቹ ማመላለሻ ነው።

ስለዚህ ማሞዝ ዋሻ ከጉብኝት በኋላ እርጥብ ምንጣፍ ላይ እንድትራመዱ ሲያደርጓችሁ እየዘለላችሁ አትለፉ። ለሁለተኛው ዋሻ ሌላ ጫማና ሌላ ልብስ ይኑራችሁ፣ ሞተርሆም ውስጥ ቦታ አለ። የመጀመሪያውን ልብስ ለብቻው ከረጢት ውስጥ ቋጥሩት፣ ባለሙያዎቹ የሚያዙት ቢያንስ 55 ዲግሪ በሞላ ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው። ጫማውን ጭቃው እስኪለቅ ፍቁት። መግቢያው ላይ ከዚህ በፊት ሌላ ዋሻ ገብታችኋል ወይ ተብላችሁ ከተጠየቃችሁም እውነቱን ንገሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 70 ሊሞላ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ጠባብ ቦታም አልወድም። ልጆቼ አብረኸን ካልገባህ እያሉኝ ነው። መኪናው ውስጥ ብጠብቃቸው አይሻልም?

መልስ፦ አባቴ፣ እንደ ዋሻው ነው። ልጆችዎ ቀድመው ይደውሉና ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ መመለሻውም በየት እንደሆነ ይጠይቁልዎት። መውረዱ ጉልበት ይፈትናል፣ መውጣቱ ትንፋሽ። አይስሪዘንቬልት ውስጥ 700 ያህል ደረጃ ተወጥቶ ያንኑ ያህል ይወረዳል፣ እሱ ይቅርብዎት። ፖስቶይና ግን ሰውን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ባቡር ነው፣ ከ1872 ጀምሮ ሐዲድ አለው፣ የሚቀረውም የእግር መንገድ የተስተካከለ ነው። ካርልስባድ 230 ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርድ አሳንሰር አለው፣ በዕለቱ መሥራቱን ብቻ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። ከዘራ የሚይዙ ከሆነም ይንገሯቸው፣ ያለ ሕክምና ምክንያት የማያስገቡ ቦታዎች አሉ።

ስለ ጠባብነቱ ደግሞ፣ ለጎብኚ የተከፈቱት ብዙዎቹ ዋሻዎች እርስዎ ከሚያስቡት ሰፊ ናቸው። የካርልስባድ ትልቁ አዳራሽ ዙሪያው ሁለት ኪሎሜትር ያህል ያስኬዳል። የሚከብደው ብዙ ቦታ አስጎብኚው ጨለማውን ለማሳየት መብራት የሚያጠፋበት ጊዜ ነው። እጅዎ ፊትዎ ላይ ሆኖ አይታይዎትም። ይሄ ከከበደዎት ጉብኝቱ ሳይጀመር ለአስጎብኚው ይንገሩት፣ መሃል ላይ ተመለሱ ማለት ለሁሉም ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመቱ ልጄ ያየውን ሁሉ ካልነካ አይሆንለትም። ድንጋይ ቢነካ ምን ይሆናል? እንዴት ላስረዳው?

መልስ፦ ልጅሽን ከመከልከል ይልቅ አሳዪው። ሲገባው ራሱ ሌላውን አትንካ ይላል።

ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፣ ትንሽ አሲድ ይሆናል፣ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። ጠብታው የዋሻው ጣራ ላይ ሲንጠለጠል ጋዙ ወደ አየሩ ያመልጣል። ያን ጊዜ ከሟሟው ድንጋይ ለዓይን የማትታይ ቅንጣት ጠብታው ዙሪያ ቀለበት ሠርታ ትቀራለች። ቀጣዩ ጠብታ ሌላ ቀለበት። እንዲህ እየተደራረበ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀጭን ቱቦ ይሆናል፣ ውሃው በመሃሉ ይወርዳል። ቱቦው ሲደፈን ውሃው በውጭ በኩል መፍሰስ ይጀምርና ይወፍራል። ከጣራ ወደ ታች የሚያድገው ስታላክታይት የሚባለው ይሄ ነው። የወደቀው ጠብታ ደግሞ የተረፈውን ወለሉ ላይ ይተዋል፣ ከሥር ወደ ላይ የሚያድገው ስታላግማይት ነው።

ፍጥነቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በዓመት የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት 10 ሴንቲሜትር የሚሆነው በ1,000 ዓመት ነው። ከጣት የሚቀረው ቅባት ውሃው ድንጋዩ ላይ እንዳይዝ ያደርጋል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል፣ እድገቱም እዚያ ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል። እጅ የበዛበት የመንገድ ዳር ስታላግማይት ወዲያው ይታወቃል፣ ጫፉ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው።

ውስጥ ስትገቡ ጫፉ ላይ ጠብታ ያንጠለጠለ አንድ ስታላክታይት ምረጡና እስኪወድቅ ጠብቁ። አንዳንዱ ቶሎ ይወድቃል፣ አንዳንዱ ቡድኑ ትቷችሁ እስኪሄድ አይወድቅም። አንዳንድ ዋሻ ደግሞ ለልጆች እንዲነካ የተተወ አንድ ድንጋይ አለው፣ አስጎብኚውን ጠይቂ።

ትንሽ ሕፃን ካለሽ ጋሪ ብዙ ቦታ አይገባም። በብረት የተወጠረ የጀርባ ማዘያም ጣራው ዝቅ የሚልበት ስላለ ብዙ ቦታ ክልክል ነው። በጨርቅ ታቅፎ መግባት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እውነት ለመናገር መብራት የተዘረጋበት፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ዋሻ ማየት ያስጠላኛል። ባንገባበት ለዋሻው አይሻለውም?

መልስ፦ ስጋትህ ትክክል ነው። ፈረንሳይ ያለው ላስኮ ዋሻ በ1940 ተገኘ፣ በ1948 ለጎብኚ ተከፈተ፣ በ1963 ደግሞ ተዘጋ። ግድግዳው ላይ ያሉት የጥንት ሥዕሎች በሺህ ዓመታት ያልደረሰባቸውን ጉዳት በ15 ዓመት አገኙት። ከሰዉ ትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እርጥበቱ፣ ሙቀቱና መብራቱ ተደምረው አረንጓዴ አልጌ (እርጥብ ቦታ ላይ የሚበቅል ሽፋን) አበቀሉበት። አሁን ሰው የሚያየው አስመስለው የሠሩትን ቅጂ ነው። እዚያው ፈረንሳይ በ1994 የተገኘው፣ የጥንት ሥዕሎች ያሉበት የሾቬ ዋሻ ከዚህ ተምረው ጭራሽ ለሕዝብ አልተከፈተም፣ ለእሱም ቅጂ ተሠርቶለታል። ቅጂ ማየት ገንዘብ ማባከን ነው ለሚሉ እኔ አልስማማም፣ ሥዕሎቹ እስካሁን ያሉት በዚያ ምክንያት ነው።

ሥዕል የሌለበት ዋሻም ይጎዳል። መብራቶቹ አጠገብ ያለውን ግድግዳ እይ፣ አረንጓዴ ነገር ታያለህ። ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ በአምፖል ብርሃን የበቀለ አልጌና የድንጋይ ሽበት ነው። በ2024 ካርልስባድ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ጥሎ ሄደ። እርጥበቱ ቺፕሱን አራሰው፣ ሻገተ፣ የዋሻው ነፍሳት ተሰበሰቡበት፣ ሻጋታው ዙሪያውን ወዳሉት ድንጋዮች ተዛመተ። ጠባቂዎቹ 20 ደቂቃ ሲያጸዱ ቆዩ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ጎብኚው ይዞ እንዲገባ የሚፈቀደው ንጹሕ ውሃ ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁንና አንድ የተከለለ መንገድ ተሠርቶ ሰዉ በዚያ ብቻ ቢሄድ፣ ሁሉም በየፊናው እየገባ ከሚረግጠው ይሻላል ባይ ነኝ። ጥሩ ዋሻ ቡድኑ ካለፈ በኋላ መብራቱን ያጠፋል፣ በቀን የሚገባውን ሰው ቁጥር ይገድባል። እንዲህ የሚሠሩትን ምረጥና ገንዘብህን ለእነሱ ክፈል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ እንደ ቦታው ነው። ኒውዚላንድ ዋይቶሞ ውስጥ የሚያበሩት ትሎች ያሉበት ዋሻ ውስጥ ክልክል ነው፣ አይስሪዘንቬልትም እንደዚሁ። በሚፈቀድበትም ቢሆን ፍላሽ አጠገብ ያለውን ሰው ዓይን ለጊዜው ያጨልማል፣ ደረጃ ላይ ከሆነ አደጋ ነው። ካርልስባድ በሞቃቱ ወራት ማታ ማታ የሌሊት ወፎቹ ከዋሻው ሲወጡ ተቀምጦ ማየት ይቻላል፤ እዚያ ግን ስልክና ካሜራ ጭምር ይጠፋል፣ የሌሊት ወፎቹን ይረብሻልና። የሚወጡበት ሰዓት እንደ ወሩ ስለሚለያይ የዕለቱን ጠይቁ። ሲያልቅ ይመሻል፣ ፓርኩ ውስጥም ሞተርሆም የሚያድርበት ካምፕ ስለሌለ ማደሪያችሁን ቀን ላይ ያዙ።